ጠመንጃው ፈቃድ አለው፣ አደኑስ?

ጥቅምት ሲጋመስ የራያ ቆላ ነቅቶ ነው የሚያድረው። ማሽላው እሸት ይዟል። ማማ ላይ የወጡት ልጆች ገና በጨለማው ጠጠር ለቅመው፣ ወንጭፋቸውን አስተካክለው ይጠብቃሉ። ግሪሳ ከፀሐይ ጋር ይመጣል። ሲመጣም እንደ ጢስ ተጠቅልሎ ነውና አንድ ማሳ ላይ ካረፈ በኋላ ማስነሣት ከባድ ነው።

በዚያ ሰዓት ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ በሆርማት ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ የሄደ ሰው ሌሊቱን ማን እንዳለፈ ከመሬቱ ያነባል። የጅብ ዱካ ይታያል፤ የፊት መዳፉ ከኋላው ይተልቃል። ጅግሮች ውሃ ፍለጋ ተሰልፈው የሄዱበት የሦስት ጣት ምልክት አለ። ከርከሮ አፈሩን ቆፍሮ ሄዷል። አለፍ ሲሉ ደግሞ ከሰው አውራ ጣት የማይበልጥ ጥንድ ሰኮና አሸዋው ላይ ተነቅሷል፤ እንሹ ናት። የእንሹ ዱካ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ሆኖ ይገኛል፤ ወንዱና ሴቷ አይለያዩም።

ያንን ዱካ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ እንግዳ አብሮት የሚሄደው የአካባቢው ሰው ትከሻው ላይ ያለውን ክላሽ እያስተካከለ ብትፈልግ አንዷን እንጣልልህ ይለዋል። ከልቡ ነው፤ እንግዳ ማክበሩ ነው። ፈቃድ አያስፈልግም ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ መሣሪያው የተመዘገበ መሆኑን፣ ወረቀቱም ቤት እንዳለ ይናገራል። ይህ መልስ ከቆቦ እስከ ሮቢት፣ ከጎብዬ እስከ ዞብል ስር ድረስ የሚሰማ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች

የጦር መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ የሚመራው በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ነው። ያ ፈቃድ ሰውየው መሣሪያውን መያዝ እንደሚችል ይናገራል። በምን ላይ መተኮስ እንደሚችል አይናገርም። የዱር እንስሳት ጉዳይ ሌላ አዋጅ፣ ሌላ መሥሪያ ቤትና ሌላ ወረቀት አለው።

ያ አዋጅ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ነው። ብዙ ሰው ዱር እንስሳ ሲባል አንበሳ፣ ዝሆን፣ ዋልያ ይመጣበታል። ሕጉ ግን ሰው ያላለመደውን እንስሳ ሁሉ ያቅፋል፤ በሕይወት ያለውንም የሞተውንም፣ እንቁላሉንና የአካሉን ክፍል ጨምሮ። ስለዚህ በየመንገዱ ዳር እግሯ በልጥ ታስራ፣ አንገቷን እየሰበቀች ለሾፌሮች የምትሸጠው ጅግራ በሕጉ ዓይን ዱር እንስሳ ናት። ቆቅም፣ ሚዳቋም፣ ድኩላም እንዲሁ።

ቅጣቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። አዋጁን የጣሰ ሰው እንደ ጥፋቱ ክብደት ከ5,000 እስከ 30,000 ብር ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም ይጠብቀዋል። ለአንዲት እንሹ ሥጋ ሲባል አንድ ዓመት ከቤት መለየት! ይህን የሚያውቅ ገበሬ ስንት ነው? ከጠየቅኋቸው ውስጥ ሕግ እንዳለ የሰማ አላጣሁም። ሕጉ ምን እንደሚል የነገረኝ ግን አላገኘሁም።

> መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ በምን ላይ መተኮስ እንደሚቻል አይናገርም።

ቆላው በማን እጅ ነው?

የቆቦ ሰው በዙሪያው ያለውን አገር አስቡት። በምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፤ ከተራራው ማዶ የዓፋር ሜዳ ይዘረጋል። በሰሜን ዋጃና አላማጣ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ኮረምና የሐሸንጌ ሐይቅ ናቸው፤ የአስተዳደር ጥያቄያቸው ገና ያልተቋጨ። በምዕራብ ወደ ላስታ ደጋ ይወጣል፤ እዚያ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ጎሊና ወንዝ ራሱ ከደጋው ወርዶ ቆላውን ያጠጣና ወደ ዓፋር ያልፋል። እንስሳውም ዓሣውም የክልል ወሰን አያውቁም።

ሕገ መንግሥቱ ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል። በአንቀጽ 51 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የሚመለከት ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በአንቀጽ 52 ደግሞ ያንን ሕግ ተከትሎ ሀብቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ከአንድ በላይ በሆኑ ክልሎች ላይ የተዘረጉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ቦታዎች በፌዴራል ሥር ይሆናሉ። ይህ ለአንባቢ ደረቅ ቢመስልም ተጓዡን በቀጥታ ይነካዋል። ከቆቦ ተነሥቶ ዞብልን የተሻገረ ሰው፣ መኪናው ሳይቆም፣ ጥያቄውን የሚያቀርብለት ቢሮ ተቀይሮበታል።

ዋናው ነገር ግን ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ሕጋዊ አደን የሚካሄደው ለዚሁ ተብሎ በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች ውስጥ ነው። በራያ ቆቦ ቆላ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ለአደን የተከለሉት ቦታዎች የሚበዙት በባሌና በአርሲ ተራሮች፣ በደቡብ ኦሞ በኩልና በዓፋር በአዋሽ ወንዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ራያ ላይ አድናለሁ ብሎ ለሚያቅድ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ አይቻልም። ዘመድ ቢኖረው፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ቢያውቀው፣ መሣሪያው ሕጋዊ ቢሆን ነገሩ አይለወጥም።

ገዳይ ይባል የነበረበት ዘመን

አዛውንቶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይቀየራል፤ አይፈረድባቸውም። በእነርሱ ልጅነት አደን የወንድ መለኪያ ነበር። ዝሆን የጣለ፣ አንበሳ የገደለ፣ ጎሽ ያጋደመ ሰው በሠርግና በለቅሶ ይፎክራል፤ ጎፈር ያስራል፤ ስሙም ከነግዳዩ ይጠራል። ከዓፋር ድንበር እስከ ወሎ ደጋ ወንድነት በዚህ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ሕግ መጥቶ ያንን ወንጀል ሲለው የአባታቸው ስም የተነካባቸው ይመስላቸዋል።

ይሁንና ሕጉ ትናንት ከከተማ የመጣ አይደለም። በአፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት ዝሆን ማደንን የሚገድብ ድንጋጌ ወጥቶ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ታወጀ፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የትኛው እንስሳ በምን ፈቃድ እንደሚታደን በዝርዝር የሚናገር ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ታተመ። አያቶቻችን ሲፎክሩም ሕጉ ነበረ፤ ቆላ ድረስ የወረደበት መንገድ ግን አልነበረም።

ከወረቀቱ በፊትም ወሰን ነበር። የረገዘች ወይም ግልገል ያስከተለች አይተኮስባትም ብለው ያሳደጓቸው ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። የደብር ደን ውስጥ የገባ እንስሳ ተጠልሏልና አይነካም። ክርስቲያኑ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ካልሆነ አይበላም፤ ስለዚህ ከርከሮ፣ ጥንቸልና ሽኮኮ ከእጁ ተርፈዋል። ሙስሊሙ በአላህ ስም ያልታረደ አይቀምስም፤ ለሐጅ ኢሕራም ለታጠቀ ደግሞ የየብስ አደን እርም ነው። በመንዝ ጓሳ ነዋሪው ራሱ ሹም መርጦ ሣሩንና ቁጥቋጦውን ለዓመታት ይዘጋ፣ ቀኑ ሲደርስ ይከፍት ነበር፤ ያ ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ቆይቷል። ዛሬ የመንግሥት ሕግ የተከለከለ ወቅት፣ የተከለከለ ቦታ፣ የተከለከለ እንስሳ ሲል አዲስ ነገር አላመጣም። የእኛኑ ነገር በሌላ ቋንቋ ጻፈው እንጂ።

የተለወጠው የእንስሳው ቁጥርና የጥይቱ ብዛት ነው። ደኑ ለእርሻና ለከሰል ተመነጠረ። ድርቅ ደጋግሞ መታው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቆቦ ደጋግሞ የጦር ሜዳ ሆኗል፤ ቀድሞ በየመንደሩ አንድ ሁለት ምንሽር በነበረበት አገር ዛሬ መሣሪያ የሌለበትን ቤት መቁጠር ይቀላል። አባት በአንድ ጥይት አንድ ድኩላ ጥሎ ዓመቱን ሲያወራ ይኖር ነበር። የልጁ ካዝና 30 ይይዛል።

በሕግ የሚያድን ሰው ምን ያደርጋል?

ሕጋዊ አደን እንዴት እንደሚሄድ ባጭሩ ልናገር፤ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ በተለይ ከውጭ አገር ለሶለል በዓል ወይም ለጥምቀት የሚመጡ ልጆቻችን።

አዳኙ በቅድሚያ የሚነጋገረው ፈቃድ ካለው ሙያተኛ አዳኝ ጋር ነው። ብቻውን መውጣት አይችልም። ለእያንዳንዱ የአደን ቀበሌ በዓመት ስንት እንስሳ፣ ከየትኛው ዓይነት እንደሚታደን ኮታ አለው። ፈቃዱ የሚገኘው ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሲሆን ለያንዳንዱ እንስሳ ይከፈላል፤ በስሙ የተጻፈለት ሰው ብቻ ይጠቀምበታል፤ ለወንድም ለጓደኛ አይተላለፍም። ከሚከፈለው ገንዘብ የሚበዛው ድርሻ ወደ ክልሉ ይሄዳል። ለባሌ የደጋ አጋዘን የሚጠየቀው ሺዎች ዶላር ስለሆነ ደንበኞቹ ከሞላ ጎደል የውጭ ሰዎች ናቸው።

በምንም ዋጋ ፈቃድ የማይሰጣቸው አሉ። ዋልያ አንዱ ነው። ቀይ ቀበሮ ሁለተኛው። የዱር አህያ ሦስተኛው፤ ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ቀሩ ከሚባሉት ጥቂቶቹ የሚገኙት በዓፋር ቆላ ነው፤ ያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመውም ለእርሱ ተብሎ ነው። ለራያ ሰው ዋልያ ሩቅ ነው። ቀይ ቀበሮው ግን በምዕራቡ ተራራ ላይ፣ የዱር አህያው በምሥራቁ ሜዳ ላይ የጎረቤት ያህል ናቸው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ ለእንግዶቻችን። አያት ያቆዩት የነብር ቆዳ፣ የጉሬዛ ምንጣፍ፣ የዝሆን ጥርስ አምባር ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ቦሌ ሲደርስ መታሰቢያነቱ ያበቃል። ኢትዮጵያ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረውን ሳይተስ የተባለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ ተቀብላለች። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ በእሳት ተቃጥሏል። ከአያት የተወረሰ ነው የሚለው ቃል ብቻውን ፍተሻ አያሳልፍም።

አጎበር የለበሰ ሐይቅ

አደኑ ባይፈቀድ ዓሣ ልንይዝ እንሂድ የሚል የቆቦ ወጣት ወልዲያን፣ መርሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ በሚል ስም ወደሚጠራው ሐይቅ ይሄዳል። በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል ጠዋት የቆመ ሰው ውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ታንኳዎች ያያል። ጸጥታው የገዳም ነው። ዳር ላይ ግን ሁለት ልጆች ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው አንድ ነጭ ጨርቅ ከሁለት ጫፍ ይዘው ይጎትታሉ። ሲያወጡት ለየ። አጎበር ነው፤ ለወባ የታደለው፤ ማሰሪያ ክሩ እንኳ አልተፈታም። ውስጡ የሚላወሱት ዓሦች ከጥፍር አይበልጡም። እፍኝ ሙሉ ይሆናሉ። ከዚያ እፍኝ ውስጥ ለመጥበሻ የሚበቃ አንድም የለም።

ቀረሶ የተባለው ዓሣ ልጁን የሚያሳድግበትን መንገድ ያየ ሰው ያንን አጎበር ዳግመኛ አይነካም። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች፤ ተመልሰው ይገባሉ። እርሷ መረብ ውስጥ ስትገባ አንድ ዓሣ የተያዘ ይመስላል፤ የሞተው ቤተሰብ ነው። ጫጩቶቹ ደግሞ የሚያድጉት እዚያው ጥልቀት በሌለው ዳር፣ ልጆቹ አጎበር በሚጎትቱበት ቦታ ነው።

> እፍኝ ሙሉ ዓሣ፣ ለመጥበሻ የሚበቃ አንድም የሌለበት።

የሐይቅ ቀረሶ ታሪክ ራሱ ትምህርት ነው። ሐይቁ ውስጥ የገባው በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ ነው። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ይመግባል፤ በረከት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ግን የውሃው ጥራትና በውስጡ የነበሩት ረቂቅ ነፍሳት መለወጣቸውን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። አዲስ የዓሣ ዝርያ ያለ ፈቃድ ወደ ውሃ አካል ማስገባት በሕግ የተከለከለው እንዲህ ባለው ምክንያት ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ኩሬ ቆፍረው ጫጩት ዓሣ ከየትም አምጥተው መልቀቅ ለሚያምራቸው ገበሬዎች ይህ ቢነገራቸው መልካም ነው። ኩሬው በጎርፍ ሲሞላ ዓሣው ወደ ወንዙ ይሄዳል።

የዓሣው ሕግ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ የአማራ ክልልም የራሱን የዓሣ ሀብት አዋጅ አውጥቷል። ለንግድ የሚያጠምድ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለቤቱ የሚያጠምደውንና ለመዝናኛ መንጠቆ የሚጥለውን ሕጉ ከነጋዴው ለይቶ ያያቸዋል፤ ዝርዝሩን የሚነግረው የወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያ ነው። ለሁሉም እኩል የተከለከለው ፈንጂና መርዝ ነው። መርዝ ሲባል የሱቅ ኬሚካል ብቻ አይደለም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም። ክረምት ወጥቶ ወንዞቻችን ኩሬ ኩሬ ሆነው ሲቀሩ አንድ ኩሬ እንዲህ ከተመታ ለቀጣዩ ክረምት ዘር የሚሆን አይተርፍም።

ወቅቱም ሕግ አለው። ጣና ላይ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የባርበስ ዝርያዎች አሉ። ክረምት ሲገባ ሊራቡ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጁም ይህን ያውቃል፤ መረቡን ከወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከመጡ በኋላ በ1980ዎቹ ውስጥ ብቻ እነዚያ ዓሦች እጅግ አሽቆለቆሉ። በመራቢያ ወቅት ከወንዝ አፍ ራቅ በሉ የሚባለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ገበያው የሚጎትተው ሌላ የቀን መቁጠሪያ አለ፤ ሁዳዴ ሲገባ ከደሴ እስከ ቆቦ ያለ ምግብ ቤት ሁሉ ዓሣ ይላል። ዋጋው ሲወጣ የመረቡ ዓይን ይጠባል። ሐይቅ ዳር ያሉ ነባር አጥማጆች ምሬታቸው ይኸው ነው፤ እነርሱ ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ጥለው ሲጠብቁ ጠባቡን የያዘ ከኋላቸው መጥቶ ይጠርጋል።

የገበሬው እውነት

ሕጉን አውቆም የሚበሳጭ ሰው አለ፤ እርሱን ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆናል። ዝንጀሮ በአንድ ጠዋት የዓመት ቀለቡን ሲጨርስበት የቆመ ገበሬ፣ ከርከሮ ሌሊት ድንቹን ገልብጦበት ያደረ ገበሬ፣ ዱር እንስሳ የአገር ሀብት ነው ሲባል ሀብቱን ማን እየቀለበ እንደሆነ ይጠይቃል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ ሲወርድ የራያ ቆቦ ማሽላ ከነአገዳው ሲበላ አይቷል። ግሪሳን በአውሮፕላን የሚረጨው መንግሥት ነው፤ ሪፖርቱ በጊዜ ካልደረሰ ግን አውሮፕላኑ የሚመጣው እህሉ ካለቀ በኋላ ነው።

እኔ ገበሬው እውነት አለው እላለሁ። ጉዳት የሚያደርስ እንስሳ ሲኖር ለወረዳው ማመልከት እንዳለበት የሚነገረው ሰው ሲያመለክት የሚመጣ ባለሙያ ሊኖር ይገባል። ባለሙያው ካልመጣ ጥይቱ ይቀድማል፤ ከዚያ በኋላ ዝንጀሮውን የመታው ሰው እንሹዋን ለመምታት ብዙ አያመነታም።

ከመነሣታችሁ በፊት

ወደ ራያ የምትመጡ ሁሉ፣ መምጣታችሁ ደስታችን ነው። ሆርማት አሸዋ ላይ ዱካ ማንበብ፣ ዞብል ላይ ወጥቶ የዓፋርን ሜዳ ማየት፣ ጅግራ በሰልፍ ስትሮጥ ፎቶ ማንሣት ማንም አይከለክላችሁም፤ የአካባቢውን ጸጥታ አስቀድማችሁ ጠይቁ እንጂ። መንጠቆ ካሰባችሁ የሐይቁን ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ አደን ካሰባችሁ አዲስ አበባ ያለውን ባለሥልጣን ጠይቁ። ዓፋር ከተሻገራችሁ እዚያ ያለውን ቢሮ እንደ አዲስ ጠይቁ። አስተናጋጃችሁ ክላሹን አስተካክሎ አንዷን እንጣልልህ ሲላችሁ ደግሞ አታሳፍሩት፤ ሕጉን ንገሩት። ብዙ ጊዜ ከእናንተ በፊት የነገረው የለም።

ለክልሉና ለወረዳው ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ከታተመ ዓመታት አልፈዋል፤ የቆቦ ገበያ መግቢያ ላይ ግን የለም። አንድ ገጽ ይበቃል። የማይታደኑት እንስሳት ሥዕል፣ የተፈቀደው የመረብ ዓይን ስፋት በልኩ ተስሎ፣ ቅጣቱ በቁጥር፣ የሚደወልበት ስልክ ከታች። በአማርኛ፣ በዓፋርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ይጻፍ፤ የራያ ገበያ እነዚህን ሁሉ ይናገራልና። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይለጠፍ።